የአንድ ገጠር አጥቢያ ታሪክ ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ፦ መምህሩ (መንዝ ጌራ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር አጥቢያ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። ሰበካ ጉባኤው ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ ባለፈው ዝክር ላይ አንድ ሥራ ጣለብኝ። "የአጥቢያችንን ታሪክና መልክዓ ምድር ጻፍልን፤ ለንግሥ በትንሽ መጽሐፍ እናወጣዋለን" አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጠላውም ጥሩ ነበር።

ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያው ገጽ ላይ "ምዕራፍ አንድ፦ ከነጋሲ ክርስቶስ እስከ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ባዶ ነው። ነጋሲ ከመንዝ መነሣቱን፣ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መመሥረቱን ሁሉም ያውቃል። እኛ አጥቢያ ግን ምን ሠራ? ፈረሱን አጠጥቶ አልፎ ይሆናል፤ እሱንም የሚመሰክር የለም። ስለ ነገሥታቱ የተጻፈ ሞልቷል። ስለኛ ወንዝ፣ ስለኛ ገደል፣ የትኛውን ማሳ እነማን ያርሱት እንደነበር ግን የጻፈ ሰው አላገኘሁም።

መልክዓ ምድሩ አያስቸግረኝም። ደጋ፣ ውርጭ፣ ገብስ፣ በግ፣ የድንጋይ ቤት። ሽቅብ ሲወጡ ጓሳ አለ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ። የጓሳ ዝናብ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ይህን ሠላሳ ዓመት ያህል ሳስተምረው ኖሬአለሁ። የቸገረኝ ታሪኩን ከመሬቱ ጋር ማጋባት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። የአንዲት ትንሽ አጥቢያ ታሪክ ከየት ይጀመራል? እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ የሚያውቅ፣ ወይም ሌላ አገር ተጽፎ ያየ ካለ ይንገረኝ።

መልስ፦ የጌራዋ (ከአየርላንድ)

ጋሼ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብተሩን አይጣሉት። ምዕራፍ አንድን ብቻ ይሰርዙት።

እኔ እዚያው ጌራ ነው ያደግኩት። አሁን የምኖረው አየርላንድ ነው፤ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ዶኔጋል በሚባል አውራጃ። ሥራዬ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ልብስ ማልበስ፣ ሻይ ማፍላት፣ መድኃኒት ማስታወስ። ከሁሉም በላይ ግን መስማት። እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ ስለ ፖለቲካ ብዙ አያወሩም። ስለ አጥቢያቸው ነው የሚያወሩት። የማን አያት በድንበር ከማን አያት ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ማሳ ላይ ውሃ እንደሚተኛ፣ የትኛው ምንጭ ለዓይን እንደሚበጅ። ከሞተ መቶ ዓመት ባለፈው ሰው ምክንያት ሁለት ሽማግሌዎች ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ሳቄ ይመጣል፤ ልክ የኛው አገር ሰዎች ናቸው።

እዚያ ግሌንኮልምኪል የምትባል አጥቢያ አለች። እርስዎ ለሚፈልጉት ነገር ጥሩ ምሳሌ ስለሆነች ትንሽ ልዘርዝር።

አትላንቲክ ውቅያኖስ ጠርዝ ላይ ያለች ሸለቆ ናት። ከደቡቧ ስሊቭ ሊግ የሚባል ተራራ አለ፤ ወደ 600 ሜትር ከፍ ካለው አናቱ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ጓሳ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ቆላው ያየ ሰው ያን የሆድ መባባት ያውቀዋል። አፈሯ ስስ ነው። አብዛኛው መሬት ረግረግ ነው። ረግረጉ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የበሰበሰውን ሣር ጥቁር ጡብ አስመስለው ይቆርጡታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ክረምቱን እሱን ያነዳሉ። ዛፍ ብርቅ ነው። ነፋሱ ደግሞ ጣራ ነቃይ ስለሆነ የድሮዎቹ የሣር ክዳን ቤቶች ጣራቸው በገመድ ተጠፍሮ ከግድግዳው ድንጋይ ጋር ታስሯል። ሀብታቸው በግ ነው። የዶኔጋል የሱፍ ጨርቅ ዓለም ያውቀዋል። የኛን በርኖስና ባና ዓለም አለማወቁ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል፤ ይህን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ታሪኳ ከድንጋይ ይጀምራል። ሸለቆዋ ውስጥ ከ5,000 ዓመት በፊት የተተከሉ የመቃብር ድንጋዮች አሉ። ከዚያ ኮልም ኪል የሚባል ቅዱስ ይመጣል፤ የአጥቢያዋ ስም የሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ521 ተወለደ ይባላል፣ በ563 ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ሄዶ አዮና ላይ ገዳም ገደመ፣ በ597 እዚያው ዐረፈ። በዓሉ በፈረንጅ ሰኔ 9 ነው። ያን ቀን ሰዎች ሸለቆውን ይዞራሉ። 15 ማረፊያዎች አሉ፤ አንዳንዱ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። በየማረፊያው ይጸለያል። በባዶ እግር የሚሄዱ አሉ። የቅዱሱ ጠበልም ከማረፊያዎቹ አንዱ ነው። እኔ ነጠላ ለብሼ ስሄድ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው "አንቺም አገር ጠበል አለ?" አሉኝ። ጻድቃኔ ማርያምን ልነግራቸው ብዬ እንግሊዝኛዬ አልበቃም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እዚህ አገር የአጥቢያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከንጉሥ አይጀምርም። ከጎጥ ነው የሚጀምረው። እነሱ ታውንላንድ ይሉታል። አየርላንድ ውስጥ ወደ 61,000 የሚጠጉ አሉ። እያንዳንዱ ስም አለው፣ ድንበር አለው። ጥቂት ቤት ያለው አለ፣ ከነጭራሹ ሰው የሌለው አለ። አንድ አጥቢያ የነዚህ ክምችት ነው። ጸሐፊው ጎጦቹን በተራ ይይዝና "እዚህ ምን አለ? ማን ኖረ? ማን ተሰደደ?" ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ያቀለለላቸው ካርታ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምረው አገሩን ሁሉ ለኩት። አንዱን ማይል በስድስት ኢንች ነው የሣሉት፤ ያ ማለት ትንንሹ ነገር ሳይቀር ይታያል። ዓላማው ፍቅር አልነበረም፤ ግብር ነበር። ግን ስሞቹን በትክክል ለመጻፍ ጆን ኦዶኖቫን የሚባል ሊቅ ቀጥረው በየአጥቢያው ሽማግሌ እያስጠየቁ አስመዘገቡ። ከዚያ ከ1847 እስከ 1864 ግሪፊዝ የሚባል ሰው የመራው የግብር ግመታ መጣ። የትኛውን መሬት ማን እንደያዘ፣ ከማን እንደተከራየ፣ ስንት እንደሚያወጣ በስም ጻፉ። ዛሬ ማንም ሰው ስልኩ ላይ የቅድመ አያቱን ማሳ ያወጣል።

እዚህ ላይ "እነሱ ወረቀት አላቸው፣ እኛ የለንም" እንዳይሉኝ። ወረቀታቸው ተቃጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1922 በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ደብሊን ያለው ቤተ መዛግብት ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረገው ሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው እዚያ ጠፋ። በኋላ ምን አደረጉ መሰልዎ? ከ1937 እስከ 1939 መንግሥት ለገጠር ትምህርት ቤት ልጆች የቤት ሥራ ሰጠ። ወደ 5,000 ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 50,000 ልጆች። ልጆቹ አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ጠይቀው ደብተር ላይ ጻፉ። ስለ ጠበል፣ ስለ ድሮ መንገድ፣ ስለ ክፉ ባለርስት፣ ስለ ረሃቡ ዘመን፣ ስለተቀበረ ወርቅ (የተቀበረ ወርቅ የሌለበት አገር የለም መቼም)። ደብተሮቹ ዛሬም አሉ፤ ኢንተርኔት ላይ በልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ይነበባሉ። የማጫውታቸው አሮጊት የእናታቸውን ደብተር አሳይተውኛል። ስለ አንዲት ላም ነው። ግን ላሟ የጠፋችበት ረግረግ ስም፣ ያገኘው ሰው ስም፣ የዚያ ዓመት ዝናብ ሁሉ አለበት።

እርስዎ አስተማሪ ነዎት። እጅዎ ላይ ክፍል ሙሉ ተማሪ አለ። አሁን ገባዎት?

መልስ፦ ተጉለቴ

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ የአየርላንድ ረግረግ ለመንዝ ምን ይሠራለታል? መምህሩ የጠየቁት ስለ ሰሜን ሸዋ ነው። ሰሜን ሸዋ እኮ የታሪክ ጎተራ ነው። እኛ ተጉለት ውስጥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅን ሠርቷል። ግብፅ ያለው የምጥማቅ ገዳም መፍረሱን ሲሰማ ነው ያሠራው። እ.ኤ.አ. በ1450 ቀዳሚት ሰንበት ትከበር አትከበር የሚለው ክርክር የታረቀበት ጉባኤ የተደረገው እዚያ ነው። ደብረ ብርሃንም ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ በእሱ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አንጎለላ ምኒልክ ተወልዷል። ይህን ትተን ስለ ጠፋች ላም እንጻፍ?

ነገሥታቱን አውጥታችሁ የምትጽፉት ታሪክ ራስ የሌለው ገላ ነው። መምህር፣ ምዕራፍ አንድን አይሰርዙ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቆሎ ተማሪ ሆኜ ብዙ ደብር ዞሬአለሁ። የብራና ወንጌል ያለው ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ባዶ ገጾቹንና ኅዳጉን አስፈቅደው ይዩ። የመሬት ስጦታ፣ የርስት ውል፣ የዕርቅ ቃል የሚጻፈው እዚያ ነበር፤ ማንም ደፍሮ አይፍቀውም። የምስክሮች ስም ይኖራል። የማሳ ስምም ይኖራል። ቄሰ ገበዙን በባዶ እጅ አይጠይቁ ታዲያ።

መልስ፦ የአንኮበሩ

ተጉለቴ፣ በንጉሥ ብዛት ከሆነ አንኮበር ማንንም ትበልጣለች። አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ምኒልክ ሳይቀር። ግን ምን ቀረ? እኔ እንግዳ አስጎብኚ ነኝ። ሰው መጥቶ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ይወጣል፣ የግንቡን ፍርስራሽ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወርዳል። አንኮበርን አየሁ ይላል።

እኔ የምለው ንጉሡን ምን እዚህ አስቀመጠው የሚለው ይጠየቅ ነው። መልሱ መሬቱ ላይ ነው። አንኮበር የቆመችው ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። ቁልቁል አልዩ አምባ አለች፤ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት ማራገፊያ። ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ፣ ባሪያም ጭምር በዚያ ነበር የሚያልፈው። አርጎባዎቹ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች እዚያ ናቸው። ላይ የተቀመጠ ሰው በሩን ይዟል። ንጉሡ በሩን ነው የያዘው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከባሕር ተነሥቶ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጣ በረሃውን አቋርጦ የገባው በዚያው በኩል ነው። ኅዳር ላይ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ።

ከአንኮበር በታች ደግሞ ልጥ ማረፊያ አለች። ምኒልክ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። አንቲኖሪ የሚባለው አዛውንት ተመራማሪ እዚያ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ፤ መቃብሩ እዚያ ነው። ወፍ እየሰበሰበ ስንት ዓመት ኖሮ የኛን አንኮበር ስም የያዘችውን ትንሿን ወፍ ሳያስመዘግባት ቀረ። እሷ ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ገደል ገደሉን ትኖራለች። እኔ እንግዶቼን መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የምወስደው፤ ቤተ መንግሥቱ አይበርም፣ ከሰዓት ይደረስበታል።

መምህር፣ የእኔ ምክር፦ ከመሬቱ ይነሡ፤ ንጉሡ መንገድ ላይ ያገኝዎታል።

መልስ፦ የጌራዋ (ከአየርላንድ)

ተጉለቴ ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም። የወንጌሉ ኅዳግ ነገር ግን ወርቅ ነው። እኔ ብሆን መጽሐፉን ከዚያ እጀምረው ነበር።

አየርላንድ ለምን ይጠቅማል ላልከው፣ ለማነጻጸር ነው። አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ድሮ ምዕራብ አየርላንድ ገበሬዎች መሬት በጋራ ይይዙ ነበር። ራንዴል ይሉታል። ቤቶቹ አንድ ላይ ይከማቻሉ። እርሻው ቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ ገበሬ ከለም መሬቱም፣ ከድንጋያማውም፣ ከረግረጉም ድርሻ አለው። በየጊዜው በዕጣ የሚቀያየሩበት ቦታ ነበር። ተራራው የጋራ ግጦሽ ነው። ባለርስቶቹ "ሥርዓት የለውም" ብለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እያፈረሱ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭ ሰጡት። ዛሬ ዶኔጋል ውስጥ ከኮረብታ ሲታይ እንደ መሰላል የተደረደሩ ረዣዥም ማሳዎች የሚታዩት ለዚያ ነው። ታሪኩ መሬቱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ነው።

በመሐሉ ረሃቡ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ድሃው የሚበላው ድንች ብቻ ነበር። እስከ 1852 ድረስ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ያኔም እህል ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ይህን ሲያወሩ አሁንም ድምፃቸው ይለወጣል። የ1977 ዓ.ም. የኛን ረሃብ የማያስታውስ ሽማግሌ እዚህ አላገኘሁም። ያኔ በዐቢይ ጾም ልጆች ሳንቲም የሚያጠራቅሙባትን የካርቶን ሣጥን፣ ላይዋ ላይ የነበረውን ፎቶ ሁሉ ይነግሩኛል። እናቴ ከመንዝ የዚያን ዘመን ሰው ናት ስላቸው ሻይ አፍልተው የሚሰጡኝ እነሱ ይሆናሉ።

አሁን ወደ እኛ ጓሳ እንምጣ። አባቶቻችን አስቦና ጌራ ጓሳን ለጋራ ብለው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አቆዩት ይባላል። ቀሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት የተመረጠ አለቃ ነበረ። ጓሳ ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ደፍሮ የገባ ይቀጣል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱንም ቀሮውንም አብሮ አፈረሰ። ሆኖም ሕዝቡ በሌላ መልክ ደግሞ አቆመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ጅብራው እዚያ ያሉት በዚህ ነው። ራንዴል የፈረሰበት አገር ዛሬ ሙዚየም ያቆምለታል። የኛው ገና ቆሞ ይሄዳል። ይህ ምዕራፍ የማይሆን ምን ሊሆን ነው?

ጋሼ፣ ሙዚየም ካልኩ አንድ ቄስ ልጥራ። አባ ጄምስ ማክዳየር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 ግሌንኮልምኪል ተመደቡ። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም፣ ወጣቱ ሁሉ ይሰደዳል። ቄሱ አልተቀመጡም። አዳራሽ አስገነቡ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፣ ለመብራትና ለመንገድ ባለሥልጣን ደጅ ጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ሕዝቡን አስተባብረው የድሮ ቤቶችን ሠሩ፤ የ18ኛው፣ የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቤት፣ እያንዳንዱ ከነዕቃው። ዛሬ አገር ጎብኚ ከፍሎ ይገባል። ያደረጉት ሁሉ ተሳክቷል አይባልም፤ ከኅብረት ሥራዎቹ የከሰሩ አሉ። ቤቶቹ ግን ቆመዋል። የኛ ሰበካ ጉባኤ መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ አንድ የድንጋይ ጎጆ ከነባናው፣ ከነዝተቱ፣ ከነጎታው ቢያቆም ምን ይለዋል? ቆርቆሮው ሁሉንም ሳይውጠው በፊት።

መልስ፦ መምህሩ (መንዝ ጌራ)

እግዜር ይስጥልኝ። ተጉለቴ ሆይ፣ ምዕራፍ አንድን ሰርዣለሁ፤ ነጋሲን ግን አልጣልኩትም፣ ወደ ኋላ ሄዷል።

እህቴ፣ ምክርሽን ተማሪዎቼ ላይ ሞከርኩት። "ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያሉትን የማሳ፣ የምንጭና የድንጋይ ስሞች አያታችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ" አልኳቸው። ያመጡልኝን ሳነብ ማታ አልተኛሁም። እኔ ካርታ ላይ አንድ ወንዝ ብዬ የማስተምረው በየመታጠፊያው ሌላ ስም አለው። አንዱ መታጠፊያ ፈረስ የሚያጠጡበት፣ አንዱ ልብስ የሚያጥቡበት፣ አንዱ ሙሽራ የማያልፍበት ነው። ለምን አያልፍም ስላት ልጅቷ "አያቴ ነግራኝ አትጻፊው አለች" አለችኝ። አልጠየቅኩም። ሴትየዋን ራሳቸውን አናግሬ ይጻፍ ካሉ ብቻ ይገባል።

ከተማሪዎቹ ሌላው የዋሻ ነገር ይዞ መጣ። ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ አመፀኛ ዋሻ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1939 ጣሊያን የራስ አበበ አረጋይን አርበኞች ተከታዮች፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ዋሻው ውስጥ በመርዝ ጋዝና በጥይት የፈጀበት። ጣሊያኖቹ ዘረት ብለው በሰነዳቸው ጽፈውታል። ሰነዱን አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ቦታው መጣና ዓለም ሰማ። በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ገብተው የእህል ማስቀመጫ፣ የጥይት ቀለህና የሰው አጽም አገኙ። ዓለም "ተገኘ" አለ። የኛ ሰው ግን መቼ ጠፍቶት ያውቃል? የጻፈው አልነበረም እንጂ። ተማሪዬ ያመጣው ወረቀት ላይ የአያቱ እናት ከዚያ ወገን የነበራቸው ዘመድ ስም አለ። ይህን ስም የትኛውም ሰነድ ውስጥ አላገኝም።

ስለዚህ እንዲህ አስቤአለሁ። መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር የአጥቢያውን ድንበር በእግር እዞራለሁ። ቀጥሎ ጎጥ በጎጥ። ጓሳና ቀሮ ለብቻው ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ሥርዓቱን በልጅነታቸው ያዩ ሁለት አባቶች በሕይወት አሉና ሳይቀድሙኝ ልቅደማቸው። ክፉ ቀኑን፣ 1977ን፣ ማን የት ሄደ ማን ተመለሰ የሚለውን ሴቶቹን እጠይቃለሁ። ወንዶቹ ጦርነት ብቻ ነው የሚያወሩኝ። ቄሰ ገበዙም ወንጌሉን ሊያሳዩኝ ቃል ገብተዋል። ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ ተጉለቴ።

አንድ የቀረኝ የካርታ ጥያቄ ነው። የማሳ ስሞቹን ምን ላይ ላስቀምጣቸው?

መልስ፦ የአንኮበሩ

ስልክዎ ይበቃል ጋሼ። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ከሳተላይት ነው የሚሠራው። ካርታውን መሐል ሜዳ ሳሉ ያውርዱት። ቦታው ላይ ሲደርሱ ነጥብ ያድርጉና ስሙን ይጻፉበት። እኔ የወፍ ዋሻን ጫካ መንገድ እንዲህ ነው የያዝኩት። ባትሪ ግን ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል፤ ከጋቢው ሥር ይያዙት። የሚጠይቋቸውን ሰው ድምፅም በዚያው ይቅዱ፤ አስፈቅደው።

መልስ፦ ተጉለቴ

የነገሥታቱን ምዕራፍ ሲደርሱ ረቂቁን ይላኩልኝ፤ ዓመተ ምሕረቱን አያለሁ። የፈረንጁንና የኛን አቆጣጠር የማያምታታ ጸሐፊ ብርቅ ነው።

መልስ፦ መምህሩ (መንዝ ጌራ)

እልካለሁ። ድንበሩን የፊታችን ቅዳሜ እንጀምራለን። ሽማግሌዎቹ በእግር ጓሳ ድረስ አይወጡልኝም፤ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ገራም በቅሎ የሚያውስ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ገብሱ በእኔ ነው።